አረብ ብረት በጦር መሣሪያና በዒላማ ተኩስ

አረብ ብረት (በተለምዶ ስቲል) ብረትና በአብዛኛው ከ2 በመቶ ያነሰ ካርቦን የተዋሐዱበት ቅይጥ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ የጠመንጃና የሽጉጥ ዋና ዋና ክፍሎች፣ ማለትም አፈሙዙ፣ መቀርቀሪያው፣ ምላጩና ሞላው፣ የሚሠሩት ከዚሁ ነው። በስፖርት ተኩስ ሜዳ ደግሞ አረብ ብረት በተኳሹ እጅ ብቻ ሳይሆን ከፊት ለፊቱም ይገኛል፤ የሚመታው ዒላማ ራሱ ብዙ ጊዜ የአረብ ብረት ሰሌዳ ነው። ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት ብረት አይደሉም። ለአፈሙዝ የሚስማማው ለዒላማ አይሆንም፤ ለዒላማ የሚስማማውም በአፈሙዝ ቦታ ቢገባ ተኳሹን ሊጎዳ ይችላል። ልዩነቱ ያለው ጥንካሬና ጽናት በሚባሉት ሁለት ባሕርያት ላይ ነው።

በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥንካሬና ጽናት

በዕለት ተዕለት ንግግር «ጠንካራ ብረት» ሲባል ሁለቱ ባሕርያት ተቀላቅለው ይነገራሉ። በብረታ ብረት ሙያ ግን ጥንካሬ ማለት የብረቱ ገጽ አለመጫሩና አለመሰርጎዱ ነው፤ ጽናት ማለት ደግሞ ድንገተኛ ምት ሲያርፍበት ሳይሰነጠቅ መቻሉ ነው። ሞረድ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ሌላውን ብረት ይሞርዳል፤ ነገር ግን በመዶሻ ቢመታ ሊሰበር ይችላል። ተራ ሚስማር ለስላሳ ነው፤ ሲመታ ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም። አብዛኛውን ጊዜ አንደኛው ባሕርይ ሲጨምር ሌላኛው ይቀንሳል።

የትኛው ይብለጥ የሚለውን የሚወስነው የካርቦኑ መጠን ብቻ አይደለም፤ ብረቱ የሞቀበትና የቀዘቀዘበት መንገድም ነው። ለምሳሌ መካከለኛ ካርቦን ያለው አረብ ብረት እስኪቀላ፣ ወደ 850 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም፣ ሞቆ በድንገት በዘይት ወይም በውኃ ሲነከር፣ በውስጡ ያለው ካርቦን ከብረቱ አተሞች መካከል ለመውጣት ጊዜ ስለማያገኝ እዚያው ተቀርቅሮ ይቀራል። የብረቱ ውስጣዊ አደረጃጀት ይወጠራል፤ ብረቱ እጅግ ይጠነክራል፤ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ከተነከረ በኋላ እንደገና በመጠኑ ይሞቃል። ይህ ሁለተኛው ማሞቅ ማለዘብ ሊባል ይችላል፤ ሙቀቱ ከፍ ባለ ቁጥር ጥንካሬው እየቀነሰ ጽናቱ ይጨምራል። ማረሻና ቢላዋ የሚሠራ ቀጥቃጭ ይህንኑ ነገር የሚያውቀው በቀለሙና በልምድ ነው።

ጥንካሬን በቁጥር ለመግለጽ ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ ስዊድናዊው መሐንዲስ ዮሐን ኦገስት ብሪኔል በ1900 ያስተዋወቀው ነው። 10 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ጠንካራ ኳስ በ3,000 ኪሎ ግራም ክብደት ብረቱ ላይ ትጫናለች፤ ከዚያ የተወችው ስርጉድ ይለካል። ስርጉዱ በጠበበ ቁጥር የብሪኔል ቁጥሩ ይጨምራል። ለስላሳ የግንባታ ብረት ወደ 120 ብሪኔል ይደርሳል፤ የዘመናዊ ጠመንጃ አፈሙዝ ወደ 280 ገደማ ነው፤ ለዒላማ የሚሆነው ሰሌዳ ግን 500 ያህል ነው። አፈሙዙ ከሰሌዳው በጣም የለሰለሰው ርካሽ ስለሆነ ሳይሆን ሆን ተብሎ ነው።

ከነሐስ ወደ አረብ ብረት

ለብዙ መቶ ዓመታት መድፍ የሚሠራው በአብዛኛው ከነሐስ ነበር። ነሐስ ወደ 950 ዲግሪ ግድም ስለሚቀልጥ በከሰል ምድጃ ማቅለጥና በቅርጽ ማፍሰስ ይቻላል፤ ንጹሕ ብረት ግን እስከ 1,538 ዲግሪ ድረስ አይቀልጥም። አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት በአውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ ከነሐስ የተፈሰሰውም ለዚህ ነው። በዚያ ዘመን ያን ያህል አረብ ብረት አቅልጦ በአንድ ጊዜ ማፍሰስ ለአውሮፓ ፋብሪካዎችም ትልቅ ፈተና ነበር። ጀርመናዊው አልፍሬድ ክሩፕ የመጀመሪያውን የአረብ ብረት መድፍ የሠራው በ1847 ነው፤ በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ከአንድ ግዙፍ የአረብ ብረት ጉማጅ ጋር አቅርቦ ብዙዎችን አስደንቋል። በ1870 እና 1871 በፈረንሳይና በፕሩሺያ መካከል በተደረገው ጦርነት የክሩፕ የአረብ ብረት መድፎች ከፈረንሳዮቹ የነሐስ መድፎች በልጠው ታይተዋል።

አረብ ብረትን በብዛትና በርካሽ የማምረቱ መንገድ ራሱ የመጣው ከመድፍ ጥያቄ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ቤሴመር በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ አዲስ ዓይነት የሚሽከረከር የመድፍ አረር ፈጥሮ ነበር። በፈረንሳይ ሲሞከር ግን ሚኒዬ የተባለው መኮንን «አረሩስ ደህና፤ የዘመኑ መድፎች ይችሉታል ወይ?» የሚል ስጋት አነሣ። ቤሴመር ከዚያ ወዲያ ፊቱን ወደ ብረቱ አዞረ፤ በ1856 በቀለጠ ብረት ውስጥ አየር በመንፋት ትርፉን ካርቦን አቃጥሎ የማውጣትን ዘዴ ይፋ አደረገ። የባቡር ሐዲድ፣ ድልድይና ፎቅ ቤት በአረብ ብረት መሠራት የተስፋፋው ከዚህ በኋላ ነው።

በትናንሽ መሣሪያዎች ላይም ሽግግሩ በዚሁ ጊዜ አካባቢ መጣ። በአማርኛ ስናድር የሚባለውና የእንግሊዝ ጦር በ1868 ወደ መቅደላ ይዞት የዘመተው ጠመንጃ አፈሙዙ በመጀመሪያ ከተቀጠቀጠ ብረት ነበር፤ ወዲያው ተከትሎ የመጣው ሦስተኛው ዓይነት ግን የአረብ ብረት አፈሙዝ ተደረገለት። በዓድዋ ጦርነት ኢትዮጵያውያን ከያዟቸው መሣሪያዎች አንዱ የሆነው ውጅግራ (የ1874 የፈረንሳይ ግራስ ጠመንጃ) የሚተኩሰው በጥቁር ባሩድ ነበር። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ከሠራ በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1886 የወጣው ለበን የተባለው ጠመንጃ በአዲሱ ባሩድ የሚሠራ የመጀመሪያው የጦር ሠራዊት ጠመንጃ ነው፤ አረሩ ቀጠነ፣ ፍጥነቱ ጨመረ፣ በአፈሙዙ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊትም አብሮ አደገ።

የግፊቱን መጠን ለመገመት አንድ ንጽጽር ይበቃል። የመኪና ጎማ በግምት 0.2 ሜጋፓስካል ግፊት ይይዛል። ሠላሳ ዜሮ ስድስት የሚባለው ታዋቂ የአደን ጥይት እንዲደርስበት የተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት ደግሞ 414 ሜጋፓስካል ገደማ ነው፤ ከጎማው ሁለት ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከሰከንድ አንድ ሺኛ በሚያህል ጊዜ ውስጥ፣ ከተኳሹ ፊት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቆ ነው። በዚህ ምክንያት አፈሙዝ ከአቅሙ በላይ ቢጫን እንኳ ማበጥ እንጂ መፈረካከስ የለበትም፤ ጽናት ከጥንካሬ የሚቀድመው ለዚህ ነው። በአውሮፓ ብዙ አገሮች እያንዳንዱ መሣሪያ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት በመንግሥት በታወቀ የፍተሻ ቤት ከመደበኛው በላይ ግፊት ባለው ጥይት ይሞከራል። የበርሚንግሃሙ የፍተሻ ቤት ከ1813 ጀምሮ ይህን ሲሠራ ቆይቷል።

የስፕሪንግፊልድ ጠመንጃዎች ጉዳይ

ጥንካሬን ከጽናት አለመለየት ምን እንደሚያስከትል በደንብ የሚያሳየው የአሜሪካው ኤም 1903 ጠመንጃ ታሪክ ነው። ይህ ጠመንጃ በስፕሪንግፊልድና በሮክ አይላንድ በሚገኙ የመንግሥት ፋብሪካዎች ይመረት ነበር። መቀርቀሪያውን የሚያቅፈው ዋና አካሉ ካርቦኑ አነስተኛ ከሆነ አረብ ብረት ተቀጥቅጦ ላዩ እንዲጠነክር በሙቀት ይታከማል። በ1917 አሜሪካ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ አንዳንዶቹ ጠመንጃዎች ሲተኮሱ ይፈነዱ ጀመር። አካሉ አላበጠም፤ እንደ ሸክላ ተሰባበረ።

ምርመራው ያገኘው ምክንያት ቀላል ነበር። ሠራተኞቹ ብረቱ በቂ ሙቀት ማግኘቱን የሚያውቁት በቀለሙ፣ በዓይናቸው ብቻ ነበር። ፀሐይ በደመቀበት ቀን የጋለው ብረት ለዓይን ደብዘዝ ብሎ ስለሚታይ ሠራተኛው ገና አልሞቀም ብሎ ይጨምርበታል፤ በደመናማ ቀን ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ልዩነቱ ከመቶ ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊደርስ ይችል ነበር። ከመጠን በላይ የሞቀው ብረት ላዩ ሲለካ ጥሩ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ተሰባሪ ሆኗል። ጥይቱ ደህና ከሆነ ጠመንጃው ለዓመታት ያለ ችግር ሊያገለግል ይችላል፤ ቀለሁ ተሰንጥቆ ጋዙ ወደ ኋላ በወጣ ጊዜ ግን አካሉ ምቱን አይችልም።

በ1918 ፋብሪካዎቹ የሙቀት መለኪያ መሣሪያ አስገብተው ሁለት ደረጃ ያለው የሙቀት ሕክምና ጀመሩ። የስፕሪንግፊልዱ ከተከታታይ ቁጥር 800,000፣ የሮክ አይላንዱ ከ285,507 በታች የሆኑት በሙሉ ግን በአሮጌው ዘዴ የተሠሩ ስለነበሩ የትኛው ደህና፣ የትኛው አደገኛ እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ሁለቱ ቁጥሮች ሲደመሩ ከአንድ ሚሊዮን ያልፋሉ። የአሜሪካ ጦር መኮንን የነበረው ጁሊያን ሃቸር የፈነዱትን አንድ በአንድ መዝግቦ አሳትሟል። እነዚህ ዝቅተኛ ቁጥር ያላቸው ጠመንጃዎች ዛሬም በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛሉ፤ በዘርፉ ያሉ ድርጅቶችም እንዳይተኮስባቸው ይመክራሉ።

የዛሬዎቹ የአረብ ብረት ዓይነቶች

አሁን አብዛኞቹ የጠመንጃ አፈሙዞች የሚሠሩት ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ከተጨመረበት አረብ ብረት ነው። 4140 በሚል ቁጥር የሚታወቀው ዓይነት 0.4 በመቶ ገደማ ካርቦን፣ 1 በመቶ ገደማ ክሮሚየምና 0.2 በመቶ ገደማ ሞሊብዲነም አለው። ያው ብረት ለመኪና አክሰልና ለማሽን ዘንግም ያገለግላል፤ ከመሣሪያ ጋር ብቻ የተያያዘ ምስጢር የለውም። ሞላ ግን ሌላ ነገር ይፈልጋል፦ ሺህ ጊዜ ተጨምቆ ሺህ ጊዜ ወደ ቦታው መመለስ አለበት፤ ስለዚህ ካርቦኑ ከፍ ያለ ሽቦ ይመረጥለታል።

የማይዝግ አረብ ብረት ታሪክ ከጠመንጃ ጋር ያለውን ዝምድና ብዙ ሰው አያውቀውም። በ1912 የእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ ብረት አጥኚ ሃሪ ብሬርሊ ከአንድ የጠመንጃ አምራች አንድ ጥያቄ ቀረበለት፦ አፈሙዝ ከተኩሱ ሙቀት የተነሣ ውስጡ እየተበላ ስለሚሰፋ፣ ይህን የሚቋቋም ብረት እንዲያገኝ። ብሬርሊ ክሮሚየም እየጨመረ ሞከረ፤ በነሐሴ 1913 ካቀለጣቸው አንዱ 12.8 በመቶ ክሮሚየም ነበረው። በማይክሮስኮፕ ለማየት ናሙናውን በአሲድ ሊያስበላ ሲሞክር አሲዱ አልበላው አለ፤ ሆምጣጤና የሎሚ ጭማቂም አልነኩትም። ለአፈሙዝ ተብሎ የተጀመረው ሥራ መጀመሪያ ያገለገለው ለገበታ ቢላዋ ሆነ። በዚያው ሰሞን በጀርመን የክሩፕ አጥኚዎችም ሌላ ዓይነት የማይዝግ ብረት ስላገኙ ፈጣሪው አንድ ሰው ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ዛሬ ብዙ የውድድር ተኳሾች የሚመርጡት አፈሙዝ ከ12 እስከ 14 በመቶ ክሮሚየም ያለበት የማይዝግ ዓይነት ነው። በቀላሉ እንዲቆረጥ ትንሽ ድኝ ይጨመርበታል፤ ድኙ ግን ጽናቱን በመጠኑ ይቀንሰዋል።

ለጦር ሠራዊት ግን ርካሹ መፍትሔ የአፈሙዙን ውስጥ በክሮሚየም መለበጥ ሆኗል። በአማርኛ ክላሽ የሚባለው ጠመንጃ በርጥበትና በጭቃ መካከል የመሥራት ስሙን ካተረፈባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ልባጥ ነው። የአሜሪካው ኤም 16 በቬትናም መጀመሪያ ላይ ልባጥ ስላልነበረው ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል ይዝግ ነበር፤ የባሩዱ ዓይነት መለወጥም ተደርቦ ቀለሁ አልወጣ እያለ ብዙ ወታደሮችን ችግር ላይ ጥሏል። ኋላ ላይ መጀመሪያ ይኸው ክፍል፣ ቀጥሎም ሙሉው አፈሙዝ ተለበጠ። ክላሽም ቢሆን ከብረት ችግር ነፃ አልነበረም። በመጀመሪያ አካሉ ከቀጭን የአረብ ብረት ላሜራ በማተም እንዲሠራ ታስቦ ነበር፤ የሶቪየት ፋብሪካዎች ግን በጥራት ማምረት ስላቃታቸው ከ1951 ጀምሮ ከጥፍጥፍ ብረት እየተቆረጠ ይሠራ ነበር። ወደ ላሜራው የተመለሱት በ1959 በወጣው ኤኬኤም በተባለው ዓይነት ነው፤ ክብደቱም በዚያው ቀነሰ።

በጥይቱም ውስጥ አረብ ብረት አለ። ናስ ውድ በሆነበት ጊዜ ቀለህ ከአረብ ብረት ተሠርቶ በቀለም ወይም በሌላ ነገር ይለበጣል። የአንዳንድ ጥይቶች አረር ውስጥ የብረት እምብርት ይገባል፤ ይህኛው ከታች እንደሚታየው ለዒላማ ሜዳ ጠላት ነው።

ዒላማ የሚሆነው ብረት

የወረቀት ዒላማ መመታቱን ለማወቅ ሄዶ ማየት ወይም በመነጽር መፈለግ ያስፈልጋል። የብረት ሰሌዳ ግን ይደውላል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ 500 ሜትር ርቆ የተመታ ሰሌዳ ድምፁ ለተኳሹ የሚደርሰው አረሩ ካረፈ ከአንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ በኋላ ነው። የብረት ዒላማ ተወዳጅ የሆነው ከሁሉ በላይ በዚህ ድምፅ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ለዚህ የሚያገለግለው ብረት በተለምዶ ኤአር 500 ይባላል። መጀመሪያ የተሠራው ለተኩስ አልነበረም፤ ለማዕድን ማውጫ መኪና ጀርባና ድንጋይ ለሚወርድበት መንሸራተቻ ነበር። ድንጋይ እየፋቀው እንዳይበላ የተደረገ ጥንካሬ፣ አረርም እንዳይሰረጉደው አደረገ።

ገጹ አለመሰርጎዱ ይህን ያህል ትኩረት የሚሰጠው የአረሩ ስብርባሪ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ስለሆነ ነው። እርሳስ ያለበት አረር ለስላሳና ጠፍጣፋ የሆነ ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ሲያርፍ ይፈነዳና እንደ ውኃ ጠብታ ወደ ጎን ይረጫል። ስብርባሪው የሰሌዳውን ገጽ ተከትሎ፣ ከገጹ በ20 ዲግሪ ገደማ ውስጥ፣ ይበተናል፤ ወደ ተኳሹ የሚመለሰው ጥቂት ነው። ሰሌዳው ለስላሳ ከሆነ ግን አረሩ ጉድጓድ ይሠራል። ቀጣዩ አረር እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ፣ ጎድጓዳ ሳህን ላይ እንደሚፈስ ውኃ ዞሮ ወደመጣበት ሊመለስ ይችላል። አደጋው ያለው ከዚህ ላይ ነው። ከብረት ሱቅ የተገዛ ተራ ላሜራ ውፍረቱ ምንም ያህል ቢሆን ለዚህ አገልግሎት የማይመከረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ውፍረት ጥንካሬን አይተካም።

ሙቀት ሕክምናውን ሊያበላሸው ስለሚችል ሰሌዳው የሚቆረጥበትም መንገድ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በጋዝ እሳት ከተቆረጠ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ሰፋ ያለ ቦታ ይለዝባል። ስለዚህ አምራቾች በሌዘር፣ በፕላዝማ ወይም በከፍተኛ ግፊት ውኃ ይቆርጣሉ፤ በሚመታው ገጽ ላይም አይበይዱም። ብየዳው ያሞቀው ክብ ቦታ ከተኩስ በኋላ እንደ ጠባሳ ሰርጉዶ ይታያል።

ፍጥነትም ገደብ አለው። ከ900 ሜትር በሰከንድ በላይ የሚበር አረር ኤአር 500ን ሳይቀር ይሰረጉደዋል። በስፖርት ተኩስ የተለመደው ትንሹ ሁለት ሃያ ሦስት ጥይት ከአፈሙዙ ሲወጣ ወደ 990 ሜትር በሰከንድ ይበራል፤ ከመቶ ሜትር ገደማ በኋላ ግን ወደ 840 ይወርዳል። አምራቾች ጠመንጃን ከ100 ያርድ (91 ሜትር) ባነሰ ርቀት በሰሌዳ ላይ እንዳይተኮስ የሚሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሽጉጥ ከዚህ በብዙ ያነሰ ፍጥነት ስላለው ከ9 ሜትር ገደማ ጀምሮ ይፈቀዳል። ሰሌዳው ገጹ ወደ መሬት እንዲያዘነብል ተደርጎ በሰንሰለት ወይም በቆላፊ ቢስ ይሰቀላል፤ ስብርባሪው ወደ አፈር ይወርዳል። የዓይን መከላከያ መነጽር የሚያስፈልገው ለተኳሹ ብቻ አይደለም፣ ቆሞ ለሚያየውም ነው።

ብረት እምብርት ያለው አረር ግን በየትኛውም ርቀት አይፈቀድም፤ ሰሌዳውን ይጎዳል፣ ሳይደቅቅም ሊመለስ ይችላል። በአንዳንድ የተኩስ ሜዳዎች መግቢያ ላይ ጥይት በማግኔት የሚፈተሸው ለዚህ ነው፤ ፈተናው ግን የብረት ሽፋን ብቻ ያለውንም አብሮ ይይዛል።

ስፖርቶቹ

በሜክሲኮ የተጀመረው የብረት ምስል ተኩስ እንስሳ የሚመስሉ ወፍራም ሰሌዳዎችን ከቆሙበት ማጣልን ይጠይቃል። በትልቅ ጠመንጃ ሲሆን ዶሮዋ በ200፣ አሳማው በ300፣ የቱርክ ዶሮው በ385፣ በጉ በ500 ሜትር ይቆማሉ፤ ተመትቶ ያልወደቀ አይቆጠርም። ባያትሎን የተባለው የበረዶ ስፖርት ደግሞ በ50 ሜትር ላይ አምስት የብረት ዒላማዎች አሉት፤ ተጋድሞ ሲተኮስ የሚመታው ክብ 45 ሚሊ ሜትር፣ ቆሞ ሲተኮስ 115 ሚሊ ሜትር ነው። በአሜሪካ ከ1981 ጀምሮ የሚካሄደው ስቲል ቻሌንጅ በሽጉጥ ፍጥነት የሚለካበት ውድድር ነው።

ክፍት ሜዳ ላይ የሚተኩሱ ሰዎች ሁለት ነገሮችን ይጠነቀቃሉ። አንደኛው እሳት ነው። የአሜሪካ የደን አገልግሎት አጥኚዎች በ2013 ባወጡት ጥናት፣ የብረት ክፍል ያለው ወይም ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ አረር ሰሌዳ ሲመታ የሚረጨው ትኩስ ስብርባሪ ደረቅ ነገርን ማቀጣጠል እንደሚችል አሳይተዋል፤ ስለዚህ በደረቅ ወቅት ከሰሌዳው ሥር ያለው ሣር ይጸዳል። ሁለተኛው እርሳስ ነው። አረሩ ሲደቅቅ የሚነሣው ብናኝ መርዛማ ስለሆነ ሰሌዳውን የነካ ሰው ከመብላቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠባል፤ ቤት ውስጥ ባለ የተኩስ ሜዳም ጥሩ የአየር ማስወጫ ያስፈልጋል።